ለሦስት ቀን ትልቅ ከተማ ሄዶ ለሚጫወት ሙዚቀኛ

ትልቅ ከተማ ሄዶ ሁለት ሦስት ምሽት ተጫውቶ መመለስ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ግን አጭር ጉዞ ለስሕተት ቦታ የለውም። ወር በሚፈጅ ጉዞ የመጀመሪያው ምሽት ቢበላሽ በአራተኛው ይካሳል። ሦስት ቀን ብቻ ሲሆን አንዱ ምሽት የጉዞው ሲሶ ወይም ግማሽ ነው።

አንድ ጊዜ ሥራው ባለበት ዕለት ተሳፈርኩ። በረራው ዘገየ፣ መንገዱ ተዘጋጋ፣ እኔ ስደርስ የምጫወትበት ቤት በሰው ተሞልቷል። ጊታሬን ከሳጥኑ አውጥቼ ሰው እያየኝ ቃኘሁ። ከብርድ የመጣ ጊታር ሞቃት ክፍል ሲገባ ክሩ ይረግባል። ሦስት ዘፈን ሙሉ ቅኝቱ እየሸሸኝ ተጫወትኩ። ልምምድ አልጎደለኝም ነበር። የጎደለችኝ ከመድረክ በፊት አንዲት ባዶ ሰዓት ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ጉዞዬን በሙሉ የማቅደው ያችን ሰዓት ለማትረፍ ነው። የሚከተሉትን ደረጃዎችም በዚያ ዓይን አንብቧቸው።

1. መጀመሪያ አንድ ዋና ሥራ ያዙ

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑ፣ ሰዓቱና ክፍያው በጽሑፍ የተረጋገጠ አንድ ሥራ ይኑራችሁ። የመንገዱንና የማደሪያውን ወጪ ይህ ሥራ ብቻውን ቢሸፍን ጥሩ ነው። ሌሎቹን በዙሪያው ትደረድራላችሁ። «እዚያ ከደረስኩ ሥራ አላጣም» ብሎ መነሳት ለአጭር ጉዞ አይሆንም። የትልቅ ከተማ ቤቶች ፕሮግራማቸውን ከሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ከወራት በፊት ይዘጋሉ።

ሁለተኛ ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት ዋናውን ቤት አስፈቅዱ። ብዙ አዘጋጆች ከእነሱ ምሽት በፊትና በኋላ ለተወሰኑ ቀናት እዚያው ከተማ ሌላ ቦታ እንዳትጫወቱ የሚከለክል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ያስገባሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል። ሐሙስ በነፃ ያያችሁ ሰው ቅዳሜ ከፍሎ ላይመጣ ይችላል። በግልጽ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ፤ ሳትነግሯቸው ሲሰሙ ግን ይቀየማሉ።

በአንድ ምሽት ሁለት ቦታ አትያዙ። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ርቀት አርብ ማታ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቤት ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ሁለቱም ሥራዎች ይበላሻሉ።

2. ገንዘቡንና ወረቀቱን ከወዲሁ ጨርሱ

ክፍያ አንድም ቁርጥ ነው፣ አንድም ከመግቢያ ገቢ ድርሻ ነው። ቁርጥ ከሆነ ቀብድ ጠይቁ። ከሌላ ከተማ ለሚመጣ ሰው ግማሹን በቅድሚያ መጠየቅ ነውር የለውም። ድርሻ ከሆነ ደግሞ አራት ነገር ይጻፍ። መቶኛው የሚሰላው ከጠቅላላው ገቢ ነው ወይስ ከወጪ በኋላ? ከወጪ በኋላ ከተባለ የትኛው ወጪ? በር ላይ የሚቆጥረው ማን ነው? በነፃ የሚገቡ እንግዶች ስንት ናቸው? እነዚህ ካልተጻፉ ማታ በድካም ሰዓት ክርክር ይሆናሉ።

ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ ቪዛው ላይ አትቀልዱ። የቱሪስት ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ በክፍያ መድረክ ላይ መውጣትን አይፈቅድም። አንዳንድ አገሮች ያለ ክፍያ መጫወትንም እንደ ሥራ ያዩታል። አዘጋጁ «ችግር የለውም» ቢላችሁም ኤምባሲውን ራሳችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ከድንበር የምትመለሱት እናንተ ናችሁ። ታክስም አለ። ብዙ አገሮች የታክስ ስምምነታቸውን የሚቀርፁበት ሞዴል በ17ኛው አንቀጹ ሙዚቀኛው በተጫወተበት አገር ታክስ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ስለዚህ «ስንት ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ተቀናንሶ እጄ የሚገባው ስንት ነው?» በሉ።

ብዙ ዕቃ የሚያጓጉዝ ባንድ ኤቲኤ ካርኔት የሚባለውን የጉምሩክ ሰነድ ማውጣት ይችላል። አንድ ዓመት ያገለግላል፤ ሰነዱን በሚቀበሉ አገሮች ዕቃውን ያለ ቀረጥ አስገብቶ ለማስወጣት ነው። ለአንድ ጊታር ግን የግዢ ደረሰኝና የመለያ ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶ ስልካችሁ ላይ መኖሩ ብዙ ይረዳል። መሣሪያችሁ ላይ የዝሆን ጥርስ ወይም የብራዚል ሮዝውድ የሚባለው እንጨት ካለ ግን ቆም በሉ። ሁለቱም ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚገድበው በሳይተስ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያው ሊወረስ ይችላል። ሌሎቹ የሮዝውድ ዓይነቶች ተሠርቶ ያለቀ መሣሪያ ላይ ሲሆኑ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከፈቃዱ ነፃ ሆነዋል።

3. ለቤቱ አንድ የተሟላ መልእክት ላኩ

አጭር ጉዞን የሚያድነው ይህ መልእክት ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄን እየቆራረጡ ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ መላክ ሰው ያሰለቻል። ሁሉንም በአንድ ላይ፣ ከሥራው ሁለት ሳምንት ያህል በፊት ላኩት። (ሳውንድ ቼክ ከጨዋታው በፊት የሚደረግ የድምፅ ሙከራ ነው፤ ዲአይ ቦክስ ጊታሩን ከድምፅ ማደባለቂያው ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ሞኒተር ተጫዋቹ መድረክ ላይ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር ነው።) ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ምሽት የምጫወተው እኔ ነኝ። ይዤ የምመጣው አንድ አኩስቲክ ጊታር ብቻ ነው። የሚያስፈልገኝ አንድ የድምፅ ማይክ ከነመቆሚያው፣ ለጊታሩ አንድ ዲአይ ቦክስ፣ አንድ ሞኒተርና ክንድ የሌለው ወንበር ነው። ሳውንድ ቼክ ስንት ሰዓት ነው? ዕቃ የሚገባው በየትኛው በር ነው፤ ደረጃ አለው? ከእኔ በፊት ወይም በኋላ የሚጫወት አለ? የምጫወተው ስንት ደቂቃ ነው፣ በስንት ዙር? የዚያን ምሽት የድምፅ ባለሙያ ማን ነው፤ ስልኩን ታቀብሉኛላችሁ? ክፍያውን የሚሰጠኝስ ማን ነው?»

ባንድ ከሆናችሁ የመድረክ ንድፍ ጨምሩበት። ማን የት እንደሚቆም፣ ማይክና የኤሌክትሪክ ሶኬት የት እንደሚፈለግ በአንድ ገጽ ይሣል። በእጅ የተሣለም ይበቃል። የመስመሮች ዝርዝርም ጨምሩ፦ 1 ድምፃዊ፣ 2 ጊታር፣ 3 ቤዝ እያላችሁ። የድምፅ ባለሙያው ይህን ካገኘ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ገመዱን ይዘረጋል። ያ ለእናንተ የተረፈ ግማሽ ሰዓት ነው።

ቤቱ አለኝ የሚለውን ዕቃ በፎቶ ጠይቁ። «ኪቦርድ አለን» የሚል መልስ ብቻውን ብዙ አይነግርም። 61 ቁልፍ ያለው ቀላል ኪቦርድ ሊሆን ይችላል፣ 88 ከባድ ቁልፍ ያለውም ሊሆን ይችላል። አኩስቲክ ፒያኖ ካለ መቼ እንደተቃኘ ጠይቁ። ዓለም አቀፉ የቅኝት መለኪያ 440 ኸርዝ ቢሆንም ብዙ ኦርኬስትራዎች 442 ይጠቀማሉ፤ ችላ የተባለ ፒያኖ ደግሞ ከ440 በታች ይወርዳል። ፒያኖውን በዚያች ምሽት መለወጥ አይቻልም። የምትቃኙት እናንተ ናችሁ፣ ወደ እሱ።

4. ሰዓቱን ከመድረክ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ከተማው የምትደርሱት ከመጀመሪያው ሥራ አንድ ቀን ቀድማችሁ ይሁን። የአንድ ሌሊት ማደሪያ ወጪ ከተሰረዘ ሥራ ይረክሳል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ትጀምራላችሁ እንበል። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባዶ ትሁን። ከዚያ በፊት ከ12:30 ጀምሮ እራት ብሉ። ሳውንድ ቼክ 11 ሰዓት ላይ ከሆነ 10:30 ላይ በሩ ላይ ሁኑ። ካርታው ግማሽ ሰዓት ነው ካለ አንድ ሰዓት መድቡና 9:30 ላይ ውጡ። ካርታውን ስታዩም ዛሬ ጠዋት ያለውን መንገድ አትመኑ። የመነሻ ሰዓቱንና ዕለቱን አስገብታችሁ የዚያን ሰዓት ግምት ፈልጉ።

ማደሪያ ስትመርጡ ከመሃል ከተማ ይልቅ በጣም አምሽቶ ለሚያልቀው ሥራ ቅርብ የሆነውን እመርጣለሁ። ርካሽ ክፍል ዳር ላይ ይዞ በእኩለ ሌሊት ታክሲ መክፈል የተረፈውን ገንዘብ ይበላል። የመጨረሻው ባቡር ወይም አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ቀን ላይ እወቁ። በግድግዳ በኩል ማን እንዳለ የማይታወቅበት ክፍል ከሆነ ልምምዳችሁን በምትጫወቱበት ቤት ውስጥ ከሳውንድ ቼክ በኋላ አድርጉት።

5. መሣሪያውን ለመንገድ አዘጋጁ

በአውሮፕላን ከሆነ አየር መንገዱ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የጻፈውን ደንብ አንብቡና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አለ፤ ትንሽ መሣሪያ ስትሳፈሩ ከላይ ያለው መደርደሪያ ውስጥ ቦታ ካለ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ሁሉም አገር ግን እንደዚያ አይደለም። ቦታው ደግሞ ቀድሞ ለገባ ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ የመሳፈር መብት መግዛት ከቻላችሁ ግዙ።

ጊታር ዕቃ መጫኛ ውስጥ መግባቱ ግድ ከሆነ ጠንካራ ሳጥን ይኑረው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው አንገቱ ከራሱ፣ ክሩ ከሚጠመጠምበት ጫፍ፣ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። የአኩስቲክ ጊታር የብረት ክሮች በጠቅላላ 70 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ ሳጥኑ ሲወድቅ ያ ሁሉ ውጥረት እዚያች ቀጭን ቦታ ላይ ያርፋል። ክሩን አንድ ሁለት ድምፅ አርግቡት። ከራሱ ሥርና ዙሪያ ሹራብና ካልሲ ጠቅጥቁ፣ እንዳይወዛወዝ። ቫዮሊን ላይ ግን ክሩን ፈጽሞ አታላሉ። ድልድዩንና ውስጥ ያለችውን ትንሽ እንጨት ያቆማቸው የክሩ ግፊት ነው፤ እሱ ከለቀቀ ይወድቃሉ። ማርገብ ያለበት የደጋኑ ፀጉር ነው።

ስትደርሱ ሳጥኑን ቶሎ አትክፈቱ። ከብርድ ወደ ሙቀት ከገባችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዘግቶ ይቆይ። እንጨት በድንገተኛ ለውጥ ይሰነጠቃል፣ ብረትም ጤዛ ይይዛል። ለእንጨት መሣሪያ የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ያለው ነው።

እጅ ሻንጣ ውስጥ የሚገቡት ያለ እነሱ መጫወት የማይቻልባቸው ነገሮች ናቸው። የሳክስፎን አፍና ሪድ፣ ፔዳል፣ የጆሮ ሞኒተር፣ ትርፍ ክር። ሽቦ መቁረጫና መፍቻ ግን ፍተሻ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቷቸው። ፓወር ባንክ ተቃራኒው ነው፤ ከእናንተ ጋር ብቻ ነው የሚሳፈረው። ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ ወሰኑ 100 ዋት-ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ያልፋል።

ኤሌክትሪክ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ። የሶኬት አዳፕተር ቅርፅ ይቀይራል እንጂ ቮልት አይቀይርም። ቻርጀራችሁ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ የትም ይሠራል። 120 ቮልት ብቻ የሚለውን 230 ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል።

ኪቦርድ ተጫዋቾች ኪቦርዱን ትተው ድምፅ የሚያቆየውን ፔዳል ይያዙ። የአንዱ ፋብሪካ ፔዳል በሌላው ላይ ተገልብጦ ሊሠራ ይችላል፤ ሲረግጡት ድምፁ ይቆማል፣ ሲለቁት ይቆያል። መገልበጫ ማብሪያ ያለው ፔዳል ይህን ይፈታል። ገመድ አልባ መሣሪያ ያላችሁም አንድ ገመድ አትርሱ። ዋይፋይ በበዛበት ከተማ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሚሠራው ይቆራረጣል።

6. እዚያ የምታገኟቸውን ሙዚቀኞች አክብሩ

ባንዳችሁን ይዞ መሄድ ውድ ነው። ከተማው ውስጥ ቤዝና ድራም የሚጫወት ሰው መቅጠር የተለመደ ነው። ከሳምንት በፊት ቅጂውን፣ ኮርዱንና ፍጥነቱን ላኩላቸው፤ ለአንድ ዘፈን አንድ ገጽ ይበቃል። ቅጂው በአንድ የሙዚቃ ቁልፍ (የድምፅ ከፍታ) ሆኖ እናንተ በሌላ የምትዘፍኑ ከሆነ ከላይ በትልቁ ጻፉት።

ልምምዱ ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር መጫወት ጊዜ ማባከን ነው። መግቢያውን፣ መሸጋገሪያውንና መጨረሻውን ብቻ ተለማመዱ። ጎበዝ ሙዚቀኛ መሃሉን ይሞላዋል። የሚበተነው ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ነው፣ ማን እንደሚያቆም ስላልተነጋገሩ። ክፍያቸውንም የራሳችሁን ሳትጠብቁ በተባለው ሰዓት ስጧቸው። ሁለተኛ ስትደውሉ የሚያነሱት ለዚህ ነው።

7. ሳውንድ ቼክ ላይ

ስትገቡ የድምፅ ባለሙያውን ስም ጠይቁና ሰላምታ ስጡት። በዚያች ምሽት ከእሱ የሚቀርባችሁ ሰው የለም።

መጀመሪያ በጣም ጮክ የምትሉበትን ዘፈን ተጫወቱ፣ የምትወዱትን ለስላሳ ሳይሆን። ድምፁ በእሱ ካልተሰነጠቀ በሌላውም አይሰነጠቅም። የምትፈልጉትን አንድ በአንድ ንገሩት። «ድምፁ ደስ አይልም» ለእሱ ምንም አይነግረውም። «ሞኒተሩ ላይ ድምፄን ትንሽ ጨምርልኝ፣ ጊታሩን ቀንስልኝ» ግን ይገባዋል።

ማይኩ የሚያፏጭ ከሆነ ከድምፅ ባለሙያው በፊት እጃችሁን እዩ። ተራው የድምፃዊ ማይክ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ እንዲተው ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን የሚያደርገው ከራሱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ራሱን በመዳፍ ስትይዙት ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ ይሰማል፣ ሞኒተሩንም ጭምር። ወደ እጀታው ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። በጊታሩ ድምፅ ውስጥ የሚያጉረመርም የኤሌክትሪክ ድምፅ ካለ ደግሞ ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን የግራውንድ ማላቀቂያ ማብሪያ እንዲሞክር ባለሙያውን ጠይቁት።

ባዶ ክፍል ያስተጋባል፣ ቀጭኑ ድምፅም ጎልቶ ይሰማል። ሰው ሲሞላ አካሉና ልብሱ ቀጭኑን ድምፅ ይጠጡታል። ስለዚህ ባዶ ክፍል ውስጥ ትንሽ የበዛ ብሩህነት ማታ ልክ ይሆናል። ቼኩ ላይ ሁሉን ለማስተካከል አትድከሙ። ከጨረሳችሁ በኋላ ማዞሪያዎቻችሁን ፎቶ አንሱ፤ ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ከተጫወተ ይጠቅማችኋል።

8. ባዶዋ ሰዓት

አሁን ደረሰች። ስልክ ዝም ይበል። ቲኬት የሚፈልግ ጓደኛ፣ ሰፈሩ የጠፋው ዘመድ፣ ሁሉም ከ2 ሰዓት በፊት መልስ ያግኝ። መሣሪያው ከሳጥኑ ወጥቶ የክፍሉን አየር ይልመድ። ለ15 ደቂቃ በቀስታ እጃችሁን አሙቁ። ድምፃውያን በለሆሳስ ዜማ ይጀምሩ። ክሩን ሁለቴ ቃኙ፣ አንዴ መጀመሪያ ላይ፣ አንዴ ከመውጣት በፊት። ትርፏን ጊዜ እኔ ቁጭ ብዬ አሳልፋታለሁ። ምንም አልሠራም። መድረክ ላይ የምሰማው ራሴን መሆኑን ያወቅሁት ይህን ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ድምፃችሁን ከጉዞው ቀን ጀምሮ ጠብቁ። የአውሮፕላን ውስጥ እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ ጉሮሮ ያደርቃል፤ ውኃ በየጊዜው ጠጡ። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲያወራ ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህን ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 ገልጾታል። ብዙ ድምፃዊ የሚደክመው ዘፈኑ ላይ ሳይሆን ከዘፈኑ በፊትና በኋላ ሙዚቃ በተከፈተበት ቤት እየጮኸ በማውራት ነው። ሰላምታችሁን ውጭ ወይም ጓዳ ተለዋወጡ።

ጆሮም አለ። የአሜሪካ የሥራ ላይ ጤና ተቋም በቀን ለ8 ሰዓት የሚመክረው ወሰን 85 ዲሲቤል ነው። በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ያጥራል፤ 100 ዲሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሦስት ምሽት በተከታታይ ስትጫወቱ ይህ ይደራረባል። የሙዚቀኛ የጆሮ መሰኪያ ድምፁን ሳያደፈርስ ይቀንሳል፤ ሌሎች ሲጫወቱ አድርጉት።

9. መድረክ ላይ

መጀመሪያ የምትጫወቱት ሞኒተር ባይሰማችሁም የማትስቱት ዘፈን ይሁን። ባለሙያው በእሱ ላይ ያስተካክላል። የ45 ደቂቃ ዙር ከሆነ ዘጠኝ ያህል ዘፈን ያዙና ሰዓት ካጠረ የሚዘለሉትን ሁለቱን ምልክት አድርጉባቸው። የተሰጣችሁን ደቂቃ አትለፉ።

10. ከጨዋታው በኋላ

ሳትቀመጡ ዕቃ ሰብስቡ። ስትወጡ የቆጠራችሁትን ስትመለሱ ቁጠሩ፤ «ዘጠኝ ነገር ይዤ መጣሁ» ብላችሁ። የሚረሱት ሁልጊዜ ትንንሾቹ ናቸው፦ የፔዳል ቻርጀር፣ ካፖ፣ መቃኛ። በስልክ መብራት መድረኩን አንዴ ዙሩት።

ገንዘቡን ጸጥ ያለ ቦታ፣ ከከፋዩ ፊት ቆጥራችሁ ተቀበሉ። የራሳችሁን ድርሰት የምትጫወቱ ከሆነ የዘፈኖቹን ዝርዝር፣ የቤቱን ስምና ቀኑን ያዙ። በብዙ አገሮች የደራሲያን መብት ማኅበራት ከቤቶች የሚሰበስቡትን ገንዘብ የሚያከፋፍሉት በዚህ ዝርዝር ነው፣ ካላቀረባችሁት ግን ገንዘቡ ለእናንተ ላይደርስ ይችላል።

በማግስቱ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት፣ ሁለት ነገር ቀርቷል። አንደኛው ለአዘጋጁና ለድምፅ ባለሙያው የሚላክ አጭር የምስጋና መልእክት ነው። ሁለተኛው ለራሳችሁ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው፦ የዕቃ መግቢያው በር የቱ ነው፣ ሶኬቱ ከመድረኩ ስንት ሜትር ይርቃል፣ ከማደሪያው ቤቱ ለመድረስ በእውነት ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ የትኛው ዘፈን ላይ ሰው ዝም አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ለዚያ ቤት ስትጽፉ ይህን ማስታወሻ ከፍታችሁ ጀምሩ።